«ጧ» ብሎ ስለሚጠፋው ድምፅ፤ ከደሴ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ ስፖርቱን፣ ቀጥሎ ሳይንሱን፣ ፖለቲካውን መጨረሻ ላይ፣ ቡናው ሲቀዘቅዝ። ባለፈው እትም ግን ሳይንሱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከሩቅ ጋላክሲዎች ስለሚመጡት፣ ለቅጽበት ተሰምተው ስለሚጠፉት የሬዲዮ ድምፆች፣ «ፈጣን የሬዲዮ ፍንዳታዎች» ስለሚባሉት ጽፋችኋል። ጎሽ ብያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ የሚጽፍልን ጥቂት ነው። ርዕሱ ግን አናደደኝ። ከህዋ የሚጠራን አካል ያለ ያህል አድርጎ ይጠይቅና ጽሑፉ መልሱን ሳይሰጥ ያልቃል። አንባቢ ደግሞ ርዕሱን ይዞ ነው የሚሄደው። በማግስቱ ሱቄ ደጃፍ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ሁለት ጎራ ተከፍለው «ጅን ነው»፣ «የለም፣ አሜሪካ ነው» ሲባባሉ ዋሉ።

ስለራሴ ትንሽ ልበል። ደሴ ፒያሳ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ሬዲዮ ስጠግን ኖሬአለሁ። አሁን ሱቁ የሞባይል ሆኗል፤ ልጄ ነው የሚሠራበት። ለእኔ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ቀርታልኛለች። ካቻቢቴዬ፣ ቴስተሬና መነጽሬ እዚያ ላይ ናቸው። በወር ሁለት ሦስት ሬዲዮ ቢመጣ ነው። ሳይንቲስት አይደለሁም። እንግሊዝኛውንም የሚያነብልኝ የልጄ ልጅ ነው፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ያልተጠበቀ ድምፅ ሲመጣ ከየት እንደመጣ መፈለግ ከአርባ ዓመት በላይ እንጀራዬ ሆኖ ቆይቷል። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

በነገራችን ላይ፣ ፍንዳታ ሲባል ሰው ቦምብ ያስባል። እኔ ብልጭታ ብል ይሻለኛል። ሱቅ ውስጥ ብሆን ደግሞ «ጧ ብሎ ጠፋ» ነበር የምለው።

አንድ ጊዜ ከሸዋበር አንዲት እናት ሬዲዮ ይዘው መጡ። ማታ ማታ ይንጫጫል አሉኝ። ከፈትኩት። ኮንደንሰር ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። «ልጄ፣ ገንዘቤን በላህ እንጂ ምንም አልሠራህልኝም» አሉኝ። ስፒከሩን ቀየርኩ። አሁንም ተመለሱ። ሱቅ ውስጥ ግን ምንም የለበትም፤ ጥርት ብሎ ይናገራል። መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ማታ ቤታቸው ሄጄ ሬዲዮውን ከፍቼ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ላይ መንጫጫት ጀመረ። ጎረቤት ብገባ ሴትዮዋ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ይጋግራሉ። የምጣዱ ገመድ ሶኬቱ ላይ ላልቷል። ብልጭ ይላል። ብልጭ ባለ ቁጥር እዚህ ማዶ ሬዲዮው ይንጫጫል። ሶኬቱን አጠበቅኩና አለቀ። የኮንደንሰሩንና የስፒከሩን ገንዘብ መለስኩላቸው። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ነው የመለስኩት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ላይ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ድምፁ ምን እንደሆነ ከመጠየቄ በፊት ከየት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከሬዲዮው ሆድ ነው? ከቤቱ ነው? ወይስ ከውጭ?

የእናንተ ጽሑፍ የዘለለው ትልቁ ታሪክ ይኸው የሸዋበሩ ታሪክ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ፓርክስ የሚባል ቦታ 64 ሜትር ስፋት ያለው ሰሃን የመሰለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አለ። የመጀመሪያዋ ብልጭታ እ.ኤ.አ. በ2001 በዚህ ሰሃን ተመዘገበች (ከዚህ በኋላ «በእኛ» ካላልኩ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ማንም ግን ልብ አላላትም። ስድስት ዓመት ሙሉ መረጃው መሃል ተኝታ ቆየች። በ2007 ዱንካን ሎሪመር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ የቆየውን መረጃ ሲያገላብጡ አገኟት። ርዝመቷ ከአምስት ሚሊ ሰከንድ ያንሳል። አንድ ሚሊ ሰከንድ ማለት ሰከንድን ለሺህ ከፍለህ አንዱን መውሰድ ነው። ዓይን ጥቅሻ እንኳ ከዚህ ጋር ሲተያይ የሰነፍ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው ግን ተጠራጠረ። ምክንያት ነበረው። እዚያው ፓርክስ ላይ ሌላ የምትመስላት ነገር በተደጋጋሚ ተገኘች። ፔሪቶን ብለው ስም አወጡላት። መልኳ ከሎሪመር ብልጭታ ጋር ይቀራረባል፤ ጠባይዋ ግን ልክ አልነበረም። ይህ ቴሌስኮፕ ያኔ 13 ጆሮ ነበረው እንበል። እያንዳንዱ ጆሮ የየራሱን የሰማይ ቁራሽ ያዳምጥ ነበር። ከሰማይ የመጣ ነገር በአንዱ ወይም በጥቂቶቹ ጆሮዎች ነው የሚሰማው። ፔሪቶን ግን በ13ቱም ባንዴ ትሰማለች። ከዚህ በኋላ እኔ ብሆን «ሶኬት ፈልጉ» እል ነበር። እነሱም ጠርጥረዋል። ሰዓቱ ደግሞ አለ! የምትመጣው በቀን ነው፤ በተለይ ምሳ ሰዓት አካባቢ። ኮከብ መቼም ምሳ አይበላም።

በ2015 ኤሚሊ ፔትሮፍ የምትባል ወጣት ተመራማሪና ባልደረቦቿ ያዟት። ጉዱ የሠራተኞቹ ማይክሮዌቭ ነው። ምግብ ማሞቂያው። አንዱ ርቦት ሰዓቱን እስኪጨርስ መታገስ ያቅተውና በሩን በርገድ ያደርገዋል። ውስጥ ያለው ሞገድ አመንጪ እየጠፋ ባለበት በዚያች ቅጽበት ትንሽ ሞገድ ታመልጣለች። ቴሌስኮፑ ደግሞ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ከሆነ ይሰማታል። ከ1998 ጀምሮ መረጃው ላይ ስትመዘገብ የኖረችው ይቺው ናት። የልጅ ልጄ ይህን ሲያነብልኝ ከሳቄ ብዛት መነጽሬን አወለቅኩ። የሸዋበሩ ምጣድ ነው በቃ!

እንግዲህ ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። «ያ ሁሉ ወሬ የማይክሮዌቭ ነበር» ብሎ ይስቃል። ልጄም እንደዚያ ብሎ ስልኩን ወደ መጠገን ተመለሰ። ስህተት ነው። ማይክሮዌቩ የፔሪቶንን ነገር ነው የፈታው። እነ ሎሪመር ያገኟትና ከእርሷ በኋላ የመጡት ግን ምሳ ሰዓት አይመርጡም፣ በ13ቱም ጆሮ አይገቡም። ከዚያም በላይ ሌላ አገር ባሉ ሌሎች ቴሌስኮፖች ተሰምተዋል። የጎረቤትን ሶኬት አጥብቀህ ድምፁ ከቀጠለ፣ ያኔ ነው አንቴናውን ቀና ብለህ የምታየው።

ከሩቅ መምጣታቸው በምን ታወቀ? ይህን ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋችሁታል፤ ለእኔ ግን የጨዋታው ቅመም እርሱ ነው።

አንድ ሞተር ሳይክልና አንድ አይሱዙ ከደሴ እኩል ተነሱ በሉ። ሁለቱም ፍጥነታቸው አንድ ነው። መንገዱ ባዶ ከሆነ ኮምቦልቻ እኩል ይገባሉ። የገበያ ቀን ከሆነ ግን ሞተሩ በሰውና በአህያው መሃል ሹልክ ሹልክ ይላል፣ አይሱዙው ጡሩምባውን እየነፋ ይቀራል። ገበያተኛው በበዛ ቁጥር፣ መንገዱም በረዘመ ቁጥር በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ኮምቦልቻ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ክፍተቱን በሰዓት ለክቶ ምን ያህል ሕዝብ መንገድ ላይ እንደነበረ ሊገምት ይችላል።

ህዋም እንደዚሁ ነው። ባዶ ነው ይባላል እንጂ ኤሌክትሮን ብን ብን እያለ ተበትኖበታል። ከፍ ያለው ፍሪኩዌንሲ እንደ ሞተሩ ያልፋል። ዝቅ ያለው እንደ አይሱዙው ይዘገያል። ስለዚህ አንዷ «ጧ» እኛ ጋ ስትደርስ ከላይኛው ፍሪኩዌንሲ ወደ ታችኛው እየተንሸራተተች ትደርሳለች። በሎሪመሯ ብልጭታ ላይ ቴሌስኮፑ በሚሰማው ክልል ውስጥ ክፍተቱ የሰከንድ ሲሶ ያህል ነበር። በዚያ አቅጣጫ ያለው የእኛ ጋላክሲ ኤሌክትሮን ሁሉ ቢደመር ይህን ያህል ሊያዘገይ አይችልም። ከጋላክሲያችን ውጭ መጣች ማለት ነው። ፔሪቶንም እንዲህ እየተንሸራተተች የመጣች ስለምትመስል ነበር ለማታለል የበቃችው።

ሁለተኛው መለኪያ የምንጩ ስፋት ነው። ብርሃን በአንድ ሚሊ ሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በመንገድ ቢለካ ከደሴ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን ትንሽ አለፍ ማለት ነው። ድምፁን ያወጣው ነገር ከዚህ የሰፋ ቢሆን ኖሮ ከቅርብ ጫፉ የተነሳው ሞገድ ቀድሞ፣ ከሩቅ ጫፉ የተነሳው ዘግይቶ ይደርስና ድምፁ ይንዛዛል። አልተንዛዛም። ስለዚህ ምንጩ ትንሽ ነው። የፀሐይ ወርድ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚለካ ነገር ነው። ያ ትንሽ ነገር በሚሊ ሰከንድ ውስጥ ፀሐይ በቀናት የምታወጣውን ያህል ጉልበት ይለቃል። ወይ ጉድ! ይህን ሲያነብልኝ «ድገመው» አልኩት። ደገመው። ቁጥሩ ያው ነው።

ታዲያ ምን ሊሆን ይችላል? አንድ ሰሞን የግምቱ ብዛት ከተገኙት ብልጭታዎች ብዛት በልጦ ነበር። አንዱ በራሱ ክብደት ወድቆ ጥቁር ጉድጓድ የሚሆን ኮከብ ነው አለ። ሌላው ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች፣ ማለትም የፈነዱ ኮከቦች ጥቅጥቅ ቅሪቶች፣ ሲላተሙ ነው አለ። አስትሮይድ ኒውትሮን ኮከብ ላይ ሲወድቅ ነው ያለም አለ። በ2017 ደግሞ ሁለት የሃርቫርድ ሰዎች ምናልባት ሌላ ዓለም ያሉ ፍጡራን የብርሃን ሸራ የተወጠረበት መንኮራኩር የሚገፉበት ጨረር ይሆናል ብለው ጽፈዋል። እናንተ ርዕስ ያደረጋችሁት ይህን ሳይሆን አይቀርም። አልነቅፋቸውም። ሒሳቡን ሠርተው ነው የጻፉት። ከብዙ ግምት አንዱን አንስቶ ርዕስ ላይ መስቀል ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ ግምቶቹን በሁለት ከረጢት ነው የምከፍላቸው። የፊውዝና የላላ ሽቦ። ፊውዝ አንዴ ጧ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የለም። የላላ ሽቦ ግን ይመላለሳል። ኮከብ ወድቆ ጥቁር ጉድጓድ ከሆነ ፊውዝ ነው። ሁለት ኮከቦች ከተላተሙም ፊውዝ ነው። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ «ከዚያው ቦታ ተደገመ ወይ?» ነበር።

ተደገመ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2012 በፖርቶ ሪኮው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ የተሰማችው ብልጭታ ከዚያው ነጥብ ላይ እየተመላለሰች እንደሆነ በ2016 ተገለጸ። መመላለሷ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ቦታዋን አጥብቦ ለመፈለግ ጊዜ ሰጠ። በ2017 ቤቷ ታወቀ። ሦስት ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የምትርቅ ትንሽ ጋላክሲ ናት (የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው ርቀት ነው)። ቻይና ጉይጆ ውስጥ ያለው ትልቁ ሰሃን ፋስት ደግሞ ከዚያችው ምንጭ በ47 ቀናት ውስጥ 1652 ብልጭታ ቆጠረ። ይህን ያህል ጊዜ የሚቃጠል ፊውዝ የለም። ቢያንስ ለእርሷ የፊውዙ ከረጢት ተዘጋ።

የላላ ሽቦውን ከረጢት ስትከፍተው ላይ ላዩ የምታገኘው ማግኔታር የሚባለውን ነው። ኒውትሮን ኮከብ ማለት ትልቅ ኮከብ ሲፈነዳ መሃሉ ተጨፍልቆ የሚቀረው ነው። ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወርድ ባላት ኳስ ውስጥ ታጭቋል። ማግኔታር ደግሞ ከእነዚህ መሃል ማግኔትነቱ ያበደው ነው። እኔ ጠረጴዛ ላይ የአሮጌ ስፒከር ማግኔት አለ፤ የወደቀ ብሎን እለቅምበታለሁ። የማግኔታር ጉልበት ከዚያ በቢሊዮኖች እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ማግኔት ሲወጠር ሲወጠር የኮከቡ ቅርፊት ሊሰነጠቅ ይችላል። እንደ መሬት መንቀጥቀጥ በሉት። ያን ጊዜ የታመቀው ጉልበት ይወረወራል።

ይህም ቢሆን ለዓመታት ግምት ብቻ ነበር። ምንጮቹ ሁሉ ሩቅ ናቸው፤ ማንም ቀርቦ ማየት አይችልም። እስከ አፕሪል 28 ቀን 2020። በእኛ ሚያዝያ 20 ቀን 2012 ማክሰኞ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል። ረመዳን ከገባ አምስተኛው ቀን ነበር። ኮሮናም ነበር። በዚያ ሰዓት እኔ ሱቅ ዘግቼ ቴምርና ሳምቡሳ ይዤ ወደ ቤት እያዘገምኩ ነበር መሰለኝ፤ ለኢፍጣር አንድ ሰዓት ያህል ይቀራል።

የዚያን ቀን ድምፁ ከሩቅ ጋላክሲ አልመጣም። ከራሳችን ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ ውስጥ፣ ስሙና አድራሻው አስቀድሞ ከሚታወቅ አንድ ማግኔታር መጣ። በዚያው ቅጽበት የኤክስሬይ ብልጭታም በሳተላይቶች ታየ። ጧ ያለውና ብልጭ ያለው አንድ ላይ! የምጣዱን ሶኬት ብልጭ ሲል አይቼ ሬዲዮው ሲንጫጫ እንደሰማሁት ማለት ነው። ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

ማን እንደሰማው ልንገራችሁ፤ ጽሑፋችሁ ላይ ስሙ እንኳ የለም። አንደኛው ካናዳ ያለው ቻይም ነው። ቻይም ሰሃን አይደለም። በርሜል ለሁለት ሰንጥቃችሁ አፉን ወደ ሰማይ አድርጋችሁ አጋድሙት። እንደዚያ ያሉ አራት ናቸው፤ እያንዳንዱ 100 ሜትር ይረዝማል፣ 20 ሜትር ይሰፋል። አይዞርም፣ አይንቀሳቀስም። ሰማዩ ነው በላዩ የሚያልፈው። ከ2018 እስከ 2019 ባለው አንድ ዓመት ብቻ ከ500 በላይ ብልጭታዎች ለቅሟል። የዚያን ቀን ማግኔታሩ ከአናቱ ላይ አልነበረም፤ ወደ ምዕራብ 22 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ብሎ ነበር። ቻይም በጎን ጆሮው ነው የሰማው። ድምፁ ያን ያህል ጮሆ ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ ነፍሴን የወሰደው ነው። ስቴር ቱ ይባላል። ካሊፎርኒያና ዩታ ላይ ሦስት ቦታ የተተከለ ነው። የሠራው ክሪስቶፈር ቦቸኔክ የሚባል፣ ያኔ የዶክትሬት ተማሪ የነበረ ልጅ ነው። አንቴናው ምን መሰላችሁ? የብረት ቱቦና ሁለት የኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ! እኔ በልጅነቴ ከናይለን ሽቦና ከወተት ቆርቆሮ አንቴና ስሠራ እናቴ «ቤቱን ቆሻሻ አደረግኸው» ትለኝ ነበር። ዛሬ በሕይወት ብትኖር ይህን አንብቤላት ዝም አሰኛት ነበር። ልጁ ያሰበው ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእኛው ጋላክሲ ውስጥ ከተነሳ ድምፁ በጣም ስለሚጎላ ትልቅ ሰሃን አያስፈልገውም፤ ሰፊ ሰማይ የሚያይ ትንሽ ጆሮ ይበቃል። ልክ ነበር።

ድምፁ ከመጉላቱ የተነሳ የሞባይል ስልክ መቀበያ እንኳ፣ ምን መፈለግ እንዳለበት ቢያውቅና መረጃው ቢቀመጥ፣ ሊያገኘው ይችል ነበር ብለዋል ተመራማሪዎቹ። ይህን ሳነብ «እንግዲያው ልጄ ሱቅ ውስጥ ከተደረደሩት ስልኮች አንዱ ሰምቶታል» ብዬ ዘለልኩ። የልጅ ልጄ የሰማይ ካርታ አፑን ከፍቶ ቀኑንና ሰዓቱን አስገባበት። ማግኔታሩ በዚያ ሰዓት ከእግራችን በታች ነው። መሬት ጋርዳናለች። አሜሪካና ካናዳ ጠዋት ነበር፤ በእነሱ ሰማይ ላይ ነበር። ትንሽ ቅር አለኝ።

እና ነገሩ ተፈታ ማለት ነው? አልተፈታም። እናንተም ነገ ደግሞ «ምስጢሩ ተፈታ» ብላችሁ እንዳትጽፉ አደራ። የሚያውቁት ሰዎች እንደሚሉት ቢያንስ የተወሰኑት ከማግኔታር ይመጣሉ። ሁሉም ግን ለመባል ያልገጠሙ ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ አሉ።

ለምሳሌ ኤም 81 የምትባል ጎረቤት ጋላክሲ አለች፤ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው ርቀቷ። አንዷ ተመላላሽ ብልጭታ እዚያ ካለ የሽማግሌ ኮከቦች መንደር ውስጥ እንደምትመጣ ታውቋል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አሮጌ ኮከቦች ተጠጋግተው የሚኖሩበት መንደር ነው። ማግኔታር ደግሞ የወጣት ኮከብ ነገር ነው። ትልቅ ኮከብ ቶሎ ኖሮ ቶሎ ሲፈነዳ ይወለዳል፤ ጉልበቱም ብዙ አይቆይለትም። በአዛውንት መንደር ውስጥ አራስ ቤት ሲገኝ ምን ይባላል? ምናልባት ነጭ ድንክ የሚባሉ አሮጌ ኮከቦች ተጋጭተው ወይም ወድቀው አዲስ ማግኔታር ወልደው ይሆናል ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ገና ነው።

ሌላዋ ደግሞ የቀጠሮ ሰው ናት። በ16 ቀን አንዴ ትነቃለች፣ አራት ቀን ያህል ትጮሃለች፣ ከዚያ ዝም። ከሌላ ኮከብ ጋር እየተዟዟረች ይሆናል፤ ወይም ራሷ እንደ እንዝርት እየተንገዋለለች። የላላ ሽቦም አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ንፋሱ ከአንድ ወገን ሲመጣ ብቻ ይነካካል።

ደግሞም ድምፁ ከማግኔታሩ የቱ ጋ እንደሚነሳ ሲከራከሩ ኖረዋል። ከቆዳው አጠገብ ነው ወይስ ርቆ ሄዶ ከሌላ ነገር ጋር ሲጋጭ? ማታ ሰማይ ስታዩ ኮከብ ይርገበገባል፣ ፕላኔት ግን አይርገበገብም። ፕላኔቷ ለዓይናችን ሰፋ ስለምትል ነው። በዚሁ ዘዴ የአንዷን ብልጭታ መርገብገብ ለክተው በ2025 ያወጡት ጥናት ድምፁ የተነሳው ከኮከቡ በ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው ይላል። ለእኛ ሩቅ ይመስላል። 200 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ላለ ነገር ግን ሽቦውን በካቻቢቴ ጫፍ እንደመንካት ነው።

ጠረጴዛዬን ከማንሳቴ በፊት አንዲት ጨዋታ ልጨምር። በ2024 ምዕራብ አውስትራሊያ ያለው አስካፕ የሚባለው ቴሌስኮፕ ከ30 ናኖ ሰከንድ ያጠረች እጅግ ብርቱ «ጧ» ሰማ፤ ናኖ ሰከንድ ማለት ሰከንድን ለቢሊዮን ከፍለህ አንዱን መውሰድ ነው። አዲስ ብልጭታ አገኘን ብለው ተደሰቱ። ሲከታተሉ ግን በጣም ቅርብ ሆነች፤ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ። ሪሌይ 2 የምትባል የአሜሪካ ሳተላይት ናት። በ1964 የተወነጨፈች፣ ከ1967 ጀምሮ የሞተች። ሬሳዋ ነው ጧ ያለው! ምናልባት ገላዋ ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ተንጣጥቶ ነው፤ ምናልባት የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ድንጋይ መትታት። ያጠፋኸው ሬዲዮ ገመዱ ተነቅሎ ሳለ ኮንደንሰሩ ውስጥ የቀረው ቻርጅ ጣትህን እንደሚያነዝርህ ነው። እዚህም ላይ ከሰማይ በፊት ሰፈር ይፈተሻል።

«የሚጠራን አካል አለ ወይ?» ለሚለው የእኔ መልስ ይህ ነው። በመላው ሰማይ ላይ እነዚህ ብልጭታዎች በቀን በሺዎች ይነሳሉ። የሚመጡት ከአንድ ሰፈር አይደለም። በቢሊዮን የብርሃን ዓመታት ከተራራቁ፣ አንዱ የሌላውን መኖር ሊያውቅ ከማይችል ጋላክሲዎች ነው። የሚጠራን ካለ ይህ ሁሉ ሰው ሳይመካከር በአንድ ዓይነት «ጧ» ሊጠራን ነው? እንዲህ ያለ ነገር በፊትም ደርሷል። በ1967 እንግሊዝ ውስጥ ጆሴሊን ቤል የምትባል ተማሪ በየሰከንዱ ገደማ የሚመታ የሬዲዮ ምልክት አገኘችና ለቀልድ የአረንጓዴ ትንንሽ ሰዎች ስም አወጡለት። የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ ይህን ብነግራቸው አንዱ «ታዲያ ማን ነው ያሽከረከረው?» አለኝ። ለእርሱ መልስ አልሰጠሁም፤ አስር ሰዓት ሆኖ ነበር፣ ሶላት አለብኝ።

ስለ ጥቅሙም አንድ ቃል። የሞተሩና የአይሱዙው ክፍተት የገበያተኛውን ብዛት ይነግራል ብያለሁ። በ2020 የአስካፕ ሰዎች ቤታቸው በታወቁ ብልጭታዎች ይህንኑ ሠሩ። በጋላክሲዎች መሃል መኖር ነበረበት እየተባለ ሲፈለግ የጠፋውን ተራ ቁስ በዚሁ መንገድ ቆጥረው አገኙት። ምንጩ ምን እንደሆነ ገና እየተከራከሩ በድምፁ ሚዛን መሥራታቸው ነው የገረመኝ።

የልጅ ልጄ «እንጦጦ ሊሰማቸው ይችላል?» አለኝ። አይችልም፤ የእንጦጦዎቹ ቴሌስኮፖች ዓይን ናቸው፣ ጆሮ አይደሉም። ከአፍሪካ ጆሮ የሆነው ደቡብ አፍሪካ ያለው ሚርካት ነው፤ 64 ሰሃን አለው፣ ብልጭታም ይይዛል። ልጁ ጸጥ ብሎ ቆየና «የኬክ ቆርቆሮ ስንት ብር ነው?» አለ። ነገ ገበያ እንሄዳለን።

በመጨረሻ አንድ እርማት። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ የአሬሲቦ ነው። ከስሩም ዛሬ ብልጭታዎቹን እየተከታተለ ያለ ቴሌስኮፕ እንደሆነ ተጽፏል። አሬሲቦ የለም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2020፣ በእኛ ኅዳር 22 ቀን 2013፣ ኬብሎቹ ተበጥሰው 900 ቶን የሚመዝነው መሣሪያው ሰሃኑ ላይ ወድቆ ተሰባብሯል። ፎቶው ይቀየር። የቻይምን አድርጉ፤ የተሰነጠቀ በርሜል የሚመስለውን።

አክባሪያችሁ፣
ከደሴ ፒያሳ